ሁለት አዋቂ፣ አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ፦ የፖለቲካ ክርክርን መርምሮ የማካሄጃ መንገድ

«ይኼ ሰው እኮ የተማረ ነው፤ እንዴት ይኼ አይታየውም?» የሚለው ጥያቄ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም፣ ቡሬም ሞጣም፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይነሳል። ጥያቄው ውስጥ የተሸጎጠ ግምት አለ፦ ዕውቀት የበዛለት ሰው ሁሉ ወደ አንድ እውነት ይሰበሰባል የሚል። በፖለቲካ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ሌላ ነው። አእምሮው የሰላ ሰው ለወገኑ የሰላ ጠበቃ ይሆናል፤ የማይስማማውን ማስረጃ የሚጥልበትን ምክንያትም ከማንም ቀድሞ ያገኛል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ማንንም ለማሳመን የተዘጋጀ አይደለም። ሁለት አስተዋይ ሰዎች የተለያዩበትን ትክክለኛ ቦታ ለማግኘት ነው። ቦታው ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ከገመቱት ይጠባል፤ አንዳንዴም ባልጠረጠሩት በኩል ይገኛል።

ስሌት የሚያውቅ ሰው የሚስተው የት ላይ ነው

እ.ኤ.አ. በ2013 የዬል ዩኒቨርሲቲው ዳን ካሃንና ባልደረቦቹ ለአሜሪካውያን አንድ ሠንጠረዥ ሰጡ። ለቆዳ ሽፍታ አዲስ ቅባት ከተቀቡት ሰዎች 223ቱ ተሻላቸው፣ 75ቱ ባሰባቸው። ካልተቀቡት 107ቱ ተሻላቸው፣ 21ዱ ባሰባቸው። ቅባቱ ይረዳል ወይስ ይጎዳል?

አብዛኛው ሰው 223ን ከ107 ጋር ያስተያይና «ይረዳል» ይላል። ስሌቱ ግን እንዲህ ነው፦ የተቀቡት በጠቅላላ 298 ናቸው፤ የተሻላቸው 75 ከመቶ ያህሉ። ያልተቀቡት 128 ናቸው፤ የተሻላቸው 84 ከመቶ ያህሉ። ሳይቀቡ የተሻላቸው በመቶኛ ስለሚበልጡ፣ በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት ቅባቱ ጎጂ ነው።

ተመራማሪዎቹ ቀጥለው ቁጥሮቹን ሳይነኩ ርዕሱን ብቻ ለወጡት፦ ሽጉጥ ደብቆ መያዝን የከለከሉና ያልከለከሉ ከተሞች፣ ወንጀል የጨመረባቸውና የቀነሰባቸው። በቅባቱ ጊዜ ስሌት የሚችሉት ሰዎች የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ ቢሆኑ በደንብ መለሱ። በሽጉጡ ጊዜ ግን ትክክለኛው መልስ ከወገናቸው ጋር ሲገጥም አገኙት፤ ሳይገጥም ሲቀር ሳቱት። በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ርቀት በጣም የሰፋውም ስሌት በማይችሉት ሳይሆን በደንብ በሚችሉት ዘንድ ነበር። ሙከራውን ደግመው ርቀቱን አነስተኛ ሆኖ ያገኙት ተመራማሪዎች አሉ፤ ስለዚህ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አትያዙት። የሚያሳየው የአሠራር ስንጥቅ ግን ለሥራችን ይበቃል፦ የምንወደው መልስ በመጀመሪያ እይታ ሲመጣ ማስላት እናቆማለን፤ የማንወደው ሲመጣ እንቀጥላለን።

ይህን ሠንጠረዥ ለመለማመጃ ተጠቀሙበት። ለአንዱ ሰው «አዲስ የማዳበሪያ ዓይነት የተጠቀሙና ያልተጠቀሙ ማሳዎች» ብላችሁ ስጡት፤ ለሌላው በቀበሌያችሁ በሚያከራክር አንድ ፖሊሲ ስም ስጡት። ቁጥሩ የተፈጠረ መሆኑን መጀመሪያ ንገሯቸው፤ አለዚያ ነገ ገበያ ላይ እንደ እውነተኛ ቁጥር ታገኙታላችሁ።

ስህተቱ ከስሌትም በፊት፣ ዓይን ላይ ሊጀምር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1951 የፕሪንስተንና የዳርትመዝ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውተው ጨዋታው በጥፋትና በጉዳት ተሞላ። ኋላ የሁለቱም ተማሪዎች ያንኑ ፊልም እያዩ ጥፋት እንዲቆጥሩ ተደረገ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትመዝ ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት፣ የዳርትመዝ ተማሪዎች በራሳቸው ቡድን ላይ ከቆጠሩት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዜና አሰማም ላይ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በቤይሩት ስለደረሰው እልቂት የተሠራጩ ተመሳሳይ የቴሌቪዥን ዘገባዎች ለእስራኤል ደጋፊዎችና ለዓረቦች ደጋፊዎች ሲቀርቡ፣ ሁለቱም ዘገባው ለጠላታቸው ያዳላ ነው አሉ። (ሁለቱም ወገን የሚያማው ጣቢያ ሚዛናዊ ነው ብሎ መደምደም ግን የዋህነት ነው፤ ሁለቱንም የሚያሳስት ጣቢያም አለ።)

ከመጀመራችሁ በፊት

ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ሁለት ተከራካሪና አንድ ጸሐፊ። አራት ገጽ ወረቀት፣ ስልክ ላይ ያለው የሒሳብ ማሽን፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሰዓት። ሰዓቱ ሲያልቅ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ድካምና እልህ ነው።

ጸሐፊው የሽማግሌን ሥራ በግማሽ ብቻ ይሠራል። በጎጃም ሽምግልና እንደሚደረገው፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ያስጠብቃል፤ ለሁለቱም ጥያቄውን በአንድ ዓይነት ቃል ያቀርባል። የሽማግሌው ግብ እርቅ ነው፤ ለእርቅ ሲባልም ነገር ይለዝባል፣ ይሸፈናል። እዚህ ግን ልዩነቱ ወለል ብሎ መታየት አለበት። ስለዚህ ጸሐፊው «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ማለት የለበትም። ይህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ጥሩ ክርክር ገድላለች።

ተመልካች በበዛ ቁጥር ሥራው ይበላሻል። አምስት ሰው ሲያዳምጥ አቋም መቀየር መሸነፍ ይሆናል፤ በሁለት ሰው ፊት ግን ማሰብ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ማኅበር ቤት አይሆንም። ጠላ ከቀረበ በኋላም ለሌላ ቀን ማሳደር ይሻላል፤ አረቄ ከቀረበማ ጭራሽ አትጀምሩት።

የዕድሜ ነገር ቀላል አይደለም። ታናሹ ታላቁን «ተሳስተዋል» ማለት ይከብደዋል፤ ታላቁም በልጃቸው እኩያ ፊት መታረም ይከብዳቸዋል። መፍትሔው ሁለቱም ንግግራቸውን አስቀድመው እንዲጽፉና ጸሐፊው እንዲያነብ ማድረግ ነው። በወረቀት የተጻፈን ሐሳብ መተቸት የሰውየውን ፊት ከመተቸት ይቀላል።

ግጭት ባለበት አካባቢ አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል፦ ከአሁኑ ጉዳይ አትጀምሩ፣ ንግግሩን በስልክ አትቅዱ፣ ወረቀቱ ላይ ስም አትጻፉ። የሚሰማው ሰው ማን እንደሆነ በማይታወቅበት ቦታ ሰዎች ያሰቡትን አይናገሩም፤ ያላሰቡትን የሚናገሩ ሰዎች ደግሞ ለምርመራ አይሆኑም። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ርዕስ ያዙ። ሜጫ ውስጥ ባሕር ዛፍ፣ ፋግታ ለኮማ ውስጥ ዲከረንስ የተባለው የከሰል ዛፍ ጥሩ መለማመጃዎች ናቸው፤ ገንዘብ ያመጣሉ፣ ስለ ውሃና ስለ እህል ማሳ ያከራክራሉ፣ ማንንም ግን አያሳስሩም።

አንደኛ፦ አረፍተ ነገሩን መከፋፈል

ወረቀቱን በአራት መስመር ክፈሉት፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? ማን ይጠየቅ? ምን ይደረግ? ከዚያ ተከራካሪዎቹ የሚሉትን ሁሉ ጸሐፊው በየመስመሩ ያስገባ።

«መንግሥት ገበሬውን ማዳበሪያ ነፈገው» የሚለውን ውሰዱ። «ማዳበሪያ በሰዓቱ አልደረሰም» የመጀመሪያው መስመር ነው። «ነፈገው» ግን ምክንያትንም ተጠያቂንም በአንድ ቃል ይዟል። በሌላው ወገን «ማዳበሪያ ገብቷል፤ ሕገወጥ ነጋዴ ነው ያጠፋው» የሚለውም እንዲሁ ሦስት መስመር በአንድ እስትንፋስ ይጠቀልላል። ሁለቱ ሰዎች ተጠያቂው ላይ ተጣልተው ሳለ፣ የሚከራከሩት ማዳበሪያው መምጣት አለመምጣቱ ላይ ይመስላቸዋል። መጀመሪያው መስመር ላይ ስንት ነገር እንደሚስማሙ ሲያዩ ብዙ ጊዜ ይገርማቸዋል።

ይህ እርምጃ የሚከሽፈው ጸሐፊው ቃላት ሲያለዝብ ነው። «ነፈገው» ያለውን «አላቀረበለትም» ብሎ ቢጽፍ ተናጋሪው እንደተካደ ይሰማዋል። ያለውን እንዳለ ጻፉና «ይህ የትኛው መስመር ላይ ይግባ?» ብላችሁ እሱኑ ጠይቁት።

ሁለተኛ፦ የቁጥሩን ድንበር መለካት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ከሰዓቱ ግማሹን እዚህ አውሉት። ለማንኛውም ቁጥር አራት ጥያቄ ይቀርባል፦ ከመቼ እስከ መቼ? የት ላይ የተቆጠረ? በምን መስፈሪያ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ?

በዘመን አቆጣጠር ጀምሩ፤ ቀላል ስለሚመስል ይዘለላል። የእኛ 1999 የፈረንጆቹ 2006 እና 2007 ነው። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ይሄዳል፤ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠንጠረዥ ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጆቹ ጥር (ጃንዋሪ) የሚጀምር ዓመት ይዞ ይመጣል። ሁለት ሰዎች «በ2010» እያሉ ሰባት ዓመት በሚራራቁ ዘመናት ላይ ሲሟገቱ ማየት የተለመደ ነው።

«የት ላይ» ለሚለው ማዳበሪያው ራሱ ይበቃል። ተገዛ፣ ጂቡቲ ወደብ ደረሰ፣ የዩኒየን መጋዘን ገባ፣ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘንድ ደረሰ፣ ገበሬው ተሸክሞ ቤቱ ገባ፤ አምስት የመቁጠሪያ ቦታ አለ። ሬዲዮው ሁለተኛውን ሲናገር ገበሬው አምስተኛውን ያያል። ማንም ሳይዋሽ አንዱ «መጣ» ሌላው «አልመጣም» ይላል። ቦታውን ከለያችሁ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የጠበበ ነው፦ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ስንት ቀን ፈጀ? ይህን ደግሞ የማኅበሩ መዝገብና ሦስት አራት ገበሬ ይመልሱታል።

ዋጋ ላይ ያለው ስህተት የተለየ ነው። ለምሳሌ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ 8,000 ብር ነበር እንበል። በዓመቱ 10,400 ሆነ፤ 30 ከመቶ ጨመረ። በሚቀጥለው ዓመት 12,480 ሆነ፤ 20 ከመቶ ጨመረ። ባለሥልጣኑ «የዋጋ ግሽበት ከ30 ወደ 20 ወረደ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ባሕር ዳር ያለችው ደመወዝተኛ «ኩንታሉ ላይ 2,080 ብር ተጨመረብኝ፤ ምን ወረደ ትሉኛላችሁ?» ትላለች፤ እሷም እውነቷን ነው። ወረደ የተባለው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው መውጣቱን ቀጥሏል። ሦስተኛ ሰው ከቢቸና ይጨመር፦ ጤፍ ሻጭ ነው፤ ይኸው ቁጥር ለእሱ መልካም ዜና ነው፤ የማዳበሪያውና የዘይቱ ዋጋ ካልቀደመው። በዚያ ላይ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር የተነጻጸረውንም የ12 ወር አማካዩንም ያወጣል፤ ሁለቱ አንድ ቁጥር አይደሉም። ጸሐፊው የትኛው እንደሆነ ሳይጽፍ እንዳያልፍ።

መስፈሪያ ላይ አጭር ማሳሰቢያ፦ ጥማድና ቃዳ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ ወደ ሄክታር ሳይመለሱ አይነጻጸሩ። ድምር ከፍሰት ጋርም አይደባለቅ። የህዳሴው ግድብ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ዓባይ ከኢትዮጵያ በዓመት ይዞት የሚወጣው በአማካይ 49 ቢሊዮን ገደማ ነው። «ከአንድ ዓመት ተኩል ፍሰት በላይ ያግታል» የሚለውም፣ «አንዴ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ውሃ ተርባይን መትቶ ያልፋል» የሚለውም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዞ ይነሳል። አንዱ የማጠራቀሚያውን ስፋት ነው የሚያየው፤ ሌላው በየዓመቱ የሚያልፈውን።

«ከምን ጋር ተነጻጽሮ» የሚለው ግን ከሁሉም ይከብዳል። የሕዝብና ቤት ቆጠራውን ውሰዱ። በጥቅምት 1987 የአማራ ክልል ሕዝብ 13.83 ሚሊዮን ሆኖ ተቆጠረ። በግንቦት 1999 ደግሞ 17.22 ሚሊዮን። ከዚያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ጎደለ የሚል ክርክር ተነስቶ ፓርላማ ደረሰ። አንዱ «ሕዝቡ ሆን ተብሎ ተቀነሰ» ይላል፤ ሌላው «ወሊድ ቀንሷል፣ በኤችአይቪ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ወደ ሌላ ክልል የሄደውም ብዙ ነው» ይላል።

ከመጨቃጨቅ በፊት አስሉት። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አለ። 13.83ን በየዓመቱ በ2.8 ከመቶ ብታሳድጉት ወደ 19.6 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የጎደለው 2.4 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። በ2.6 ከመቶ፣ ማለትም የሀገሪቱ አማካይ ተብሎ በወጣው ዕድገት፣ ወደ 19.1 ይደርሳል፤ ጉድለቱ 1.9 ይሆናል። በ2 ከመቶ ብታሳድጉት 17.7 ነው፤ ጉድለቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይወርዳል። በቆጠራው የወጣው 1.7 ከመቶ ልክ ነው ካላችሁ ደግሞ ምንም አልጎደለም። ስለዚህ «ስንት ሰው ጎደለ» የሚለው ቁጥር በቆጠራ የተገኘ አይደለም፤ ቢያድግ ኖሮ ይደርስ ነበር ተብሎ ከተገመተ ቁጥር ላይ ተቀንሶ የመጣ ነው። ክርክሩ «ሕዝቡ በስንት ከመቶ ያድግ ነበር?» ወደሚለው ይጠባል።

ይህ ስሌት ማንንም ነጻ አያወጣም፣ ማንንም አይከስም። የሚያደርገው ቀጣዩን ፍለጋ ማሳየት ነው። ወሊድ ቀንሶ ከሆነ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ድርሻ ከቀድሞው ቆጠራ አንሶ መታየት አለበት። ሰው ሳይቆጠር ቀርቶ ከሆነ ግን፣ በቆጠራው ሕፃን የነበሩት አድገው አንደኛ ክፍል ሲመዘገቡ ቁጥራቸው ከተቆጠሩት ሕፃናት በልጦ መታየት አለበት። ወደ ሌላ ክልል ሄደው ከሆነም በሄዱበት ክልል የቆጠራ ሠንጠረዥ ላይ «የትውልድ ቦታ» በሚለው ሥር ይገኛሉ። በስልክ ሒሳብ ማሽን ለመሥራት 13.83 ብላችሁ በ1.028 አሥራ ሁለት ጊዜ አባዙት፤ ለተረፉት ሰባት ወራት አንድ ጊዜ በ1.016 አባዙት። 2.8ን በ12 አባዝቶ መደመር ስህተት ነው፤ የተወለደው ትውልድም ስለሚወልድ ዕድገቱ በዕድገት ላይ ይደራረባል።

ሦስተኛ፦ መልሱ ሳይታይ ፍርዱን መጻፍ

ማስረጃው ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ በየወረቀቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፦ «ይህን ካገኘሁ አቋሜን እቀይራለሁ፤ ወይም ቢያንስ አላላለሁ።» ከላይ ባለው ምሳሌ፣ አንዱ «የአንደኛ ክፍል ተመዝጋቢ ከተቆጠሩት ሕፃናት ካልበለጠ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ወረቀቱ ታጥፎ ለጸሐፊው ይሰጣል።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሞት ቅጣትን የሚደግፉና የሚቃወሙ ተማሪዎች ሁለት ጥናት ተሰጣቸው፤ አንዱ ቅጣቱ ግድያን ይቀንሳል የሚል፣ ሌላው አይቀንስም የሚል። ሁለቱም ወገን የሚስማማውን ጥናት «በደንብ የተሠራ»፣ የማይስማማውን «ጉድለት ያለበት» አለው። በመጨረሻም ከመጀመሪያው ይልቅ በአቋማቸው እንደጠነከሩ ተናገሩ። ተመሳሳይ ማስረጃ አንብበው ራሳቸውን የበለጠ የተራራቁ አድርገው አዩ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ከተመራማሪዎቹ ሁለቱ ከሌላ ባልደረባ ጋር መድኃኒቱን ፈለጉ። «ሚዛናዊ ሁኑ፣ አታዳሉ» ብሎ መምከር ምንም አልፈየደም። የሠራው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ይኸው ጥናት፣ በዚሁ አሠራር፣ የተገላቢጦሹን ውጤት ቢያመጣ ኖሮ እንዲሁ ትፈርድበት ነበር?» ይህን ጥያቄ ጸሐፊው በትልቁ ጽፎ ፊት ለፊት ያስቀምጠው። አንድ ሰው «ይህን መሥሪያ ቤት አላምነውም» ሲል ወዲያው መጠየቅ ያለበት ይኸው ነው፦ መሥሪያ ቤቱ የምትወደውን ቁጥር ያወጣ ቀን ታምነው ነበር? አዎ ከሆነ፣ የሚጠላው ቁጥሩን እንጂ ምንጩን አይደለም። ሁልጊዜም አላምነውም ካለ ግን አቋሙ የተከበረ ነው፤ ምንጩን ለሁለቱም ወገን ጣሉትና ሌላ ፈልጉ።

እዚህ ላይ የሚደርሰው ብልሽት የማይደረስበት መስፈርት መጻፍ ነው፦ «ሚኒስትሩ ራሱ ቢናዘዝ አምናለሁ» እንደሚለው። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን መልሶ በወር ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነገር እንዲጻፍ ይጠይቅ።

አራተኛ፦ አንድም ማለት

ጎጃም ቅኔና ትርጓሜ ሲዘለቅ የኖረበት አገር ነው፤ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያልሰማ የለም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንድን ንባብ በአንድ ፍቺ ብቻ አይተወውም፤ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ ያመጣል፤ ተማሪውም ሁሉንም ይዞ መሄድ ይጠበቅበታል። ያንን ልማድ ወደ ፖለቲካ ዜና አምጡት። ለአንድ የተረጋገጠ ሐቅ ሦስት አንድም ይሰጥ፤ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ለተናጋሪው ወገን የማይመች ይሁን።

ከዚያ መለዋወጥ ይመጣል። እያንዳንዱ የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ይደግመዋል።

«ጋሼ፣ ያሉትን ልድገመውና ካጎደልኩ ያርሙኝ። የመሬት ምዝገባው ጥሩ ቢሆንም መዝገቡን የያዘው ሰው ስለማይታመን አይሆንም ነው ያሉት?»

«የለም፣ አይሆንም አላልኩም። መዝገቡ በሁለት እጅ ይያዝ ነው ያልኩ።»

ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ክርክሩ ያለው ግን እዚያ ነው። ከሦስት ሙከራ በኋላ «አዎ» ካልተገኘ ደጋሚው አልሰማም ወይም ተናጋሪው ሐሳቡን እየቀየረ ነው፤ ጸሐፊው የትኛው እንደሆነ ከማስታወሻው ማየት ይችላል።

ሁላችሁም በአንድ ወገን የሆናችሁበትን ርዕስ መምረጥ ከባዱ ልምምድ ነው። የግሽ ዓባይ ሰፈር ሰው ስለ ህዳሴ ግድብ ተቃራኒ አያገኝም። እንግዲያው አንዳችሁ የካይሮን የውሃ መሐንዲስ ሆናችሁ ተናገሩ፤ መሐንዲሱ ቢሰማ «አዎ፣ ፍርሃቴ ይህ ነው» እስኪል። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ኢትዮጵያ በሌለችበት የተፈራረሙት ስምምነት፣ በአማካይ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የዓመት ፍሰት ይዞ 55.5ቱን ለግብፅ፣ 18.5ቱን ለሱዳን መድቦ ቀሪውን ለትነት ተወው። እኛ በዚያ ውል ውስጥ የምናየው መገለላችንን ነው፤ እሱ የሚያየው ከተሞቹና እርሻዎቹ የቆሙበትን ብቸኛ ልክ ነው። ይህን በትክክል መናገር መብትን አሳልፎ መስጠት አይደለም፤ እንዲያውም ድርድር ላይ የሚረታው ይህን የሚያውቅ ነው።

አምስተኛ፦ «ለምን» ሳይሆን «እንዴት»

«ለምን ትደግፋለህ?» ስትሉት ሰው ምክንያት ይደረድራል፤ እየደረደረም ይበልጥ ይተማመናል። «ይህ ፖሊሲ ከዛሬ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዴት ወደዚያ ውጤት ያደርሳል?» ስትሉት ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት «እንዴት» የተጠየቁ ሰዎች ዕውቀታቸው ከገመቱት እንደሚያንስ አዩ፤ አቋማቸውም ለዘበ። ኋላ ሲደገም የዕውቀት ግምቱ መቀነስ ተገኝቷል፤ የአቋሙ መለዘብ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ከዚህ ጥያቄ ትሕትና ጠብቁ፤ መለወጥን አትጠብቁ። ጥያቄውን ለሁለቱም በተራ አቅርቡ፤ ለአንዱ ብቻ ከቀረበ ፈተና ይሆንበታል።

አንድ የተሠራ ምሳሌ፦ የ1960 አመፅ

ለመለማመጃ ከጎጃም የተሻለ ርዕስ የለም፤ ቆይቷል፣ ይታወቃል፣ አሁንም ሁለት አነባበብ አለው። በ1960 የወጣው አዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። ከሞጣ እስከ ደጋ ዳሞት ገበሬው ተነሳ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ውዝፉን ግብር ማሩ። እስከዚህ የመጀመሪያው መስመር ነው፤ የሚጣላበት ሰው የለም።

ሁለተኛው መስመር ላይ ይለያያሉ። አዲስ አበባ ያለው ሹም አዋጁን ሲያነብ መሬት ይወሰዳል የሚል ቃል አያገኝም፤ ስለዚህ ገበሬውን ጥቅማቸው የተነካ ባላባቶች አሳሳቱት ብሎ ይፈርዳል። ገበሬው የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን ማሳው ዳር የቆመውን ገማች ነው። ርስቱ በዘር ሐረግ የሚቆጠር፣ ዘመዳሞች የሚካፈሉት ነው፤ በአንድ ሰው ስም ሲገመት የነገው ክርክር ይጀምራል። በደቡብ የሀገሪቱ ክፍል ቀላድ (የመሬት መለኪያ ገመድ) ከተጣለ በኋላ መሬቱ ወደ ማን እንደሄደም ይታወቃል። ሁለቱም ሞኝ አይደሉም። አንዱ ከሕጉ ቃል ተነስቶ ያስባል፤ ሌላው ከልኬት በኋላ ከሚመጣው።

አሁን ሁለቱን አነባበብ የሚለይ ሐቅ ፈልጉ። የአገረ ገዥው መነሳትና የውዝፉ መማር አይለያቸውም፤ ሁለቱም ወገን ይጠቅሳቸዋል። የሚለየው ጊዜው ነው፦ በየወረዳው እምቢታው የጀመረው የግብሩ መጠን ሲነገር ነው ወይስ ገማቹ ሲመጣ? ያንን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎችና እናቶች በየቀበሌው ስላሉ ጠይቁ። ስትጠይቁ «ገማች በመምጣቱ ነው አይደል የተነሳችሁት?» አትበሉ። «መጀመሪያ የሰማችሁት ምን ነበር? ከዚያስ?» በሉና ዝም በሉ። መልሱን እርስ በርስ ካልተነጋገሩ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ውሰዱ።

ሥራው የማይሠራባቸው ቦታዎች

ልዩነቱ አራተኛው መስመር ላይ ከሆነ፣ ማለትም ሁለቱም በሐቁ ተስማምተው አንዱ ሥርዓትን ሌላው ነጻነትን ካስቀደመ፣ ቁጥር መቆፈር ጊዜ ማባከን ነው። «የምንለያየው በምንሻው ነገር ነው» ብላችሁ ጻፉና ጨርሱ። ብዙ ሰው ይህን ሽንፈት ያደርገዋል፤ እኛ ግን ከተሳኩት ውጤቶች እንቆጥረዋለን።

ተከራካሪው የሞተበት ወይም የታሰረበት ሰው ካለ፣ ጉዳዩ ለእሱ ቁጥር አይደለም። እዚያ ወረቀት አይወጣም።

ማረም አቋምን ያጠነክራል ተብሎ የተነገረው ፍርሃትም ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እርማት የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የባሰ እንዳጠነከሩ አሳይቶ ነበር፤ ኋላ በሰፊው ሲሞከር ይህ እምብዛም አልታየም። ሰዎች የተስተካከለውን ቁጥር ይቀበላሉ፤ የማይቀይሩት ለማን እንደሚወግኑ ነው። ስለዚህ የተሳሳተ ቁጥር ስትሰሙ በጨዋ ቃል አርሙ፤ በአንድ እርማት የፓርቲ ለውጥ ግን አትጠብቁ።

ሲጨርሱ ጸሐፊው የታጠፉትን ወረቀቶች ይከፍታል፣ የተገኘውን ከተጻፈው መስፈርት ጋር ያስተያያል፣ የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ቀን ያደርግበታል። ያልተገኘ ማስረጃ ካለ ማን እንደሚያመጣውና እስከ መቼ እንደሆነ ይጻፍ፤ ማስረጃውን እንዲያመጣ የሚላከውም ማስረጃው የሚጎዳው ወገን ይሁን።